ቪትዜን ሽጬ ሲጋል ልግዛ?

ጥያቄው፦ «ሰላም ባለሙያዎች። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለኝ። 1000 ሲሲ፣ ኦቶማቲክ፣ ኮድ 2። የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው፤ ሥራዬ ሜክሲኮ። በቀን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ እነዳለሁ። ለመኪናዬ 1.5 ሚሊዮን ብር ሰጥተውኛል። የቻይናውን ኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ሲጋልን ዜሮ ዜሮ በ2.7 ሚሊዮን አግኝቻለሁ፤ የጎደለውን ከባንክ እበደራለሁ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ደብረ ማርቆስ ቤተሰብ ስላለኝ በዓመት ሁለቴ እሄዳለሁ። መኪና ወዳድ ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ ‹ቶዮታ ሽጦ ቻይና የሚገዛ እብድ ነው› ይሉኛል። ግማሾቹ ደግሞ ‹በነዳጅ ብቻ በ3 ዓመት ትመልሰዋለህ፤ ኤሌክትሪክ እንደሆነ ዋጋው አይወርድም› ይላሉ። ማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ባትሪውንና ነዳጁን ለጊዜው እንተወውና መጀመሪያ ቤተሰብህን እንቁጠር። አንተ፣ ባለቤትህ፣ ሦስት ልጆች። አምስት ናችሁ። ሲጋል የሚይዘው አራት ሰው ነው። ከኋላ ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት ቀበቶ። ቻይናዎቹ ሲሠሩትም ለአራት ሰው ብለው ነው። ይህን ሳያዩ ገዝተው ሦስተኛውን ልጅ ከኋላ መሃል ላይ ያለ ቀበቶ የሚያስቀምጡ አባቶች ጋራዤ መጥተው አይቻለሁ። ትራፊክ ቢያልፍህ ድንገተኛ ፍሬን አያልፍህም።

መልሱ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ግን ጓደኞችህ የተከራከሩበት ነገር የአንተ ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ ቢያንስ ሦስት ሰው ይህንኑ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

እኔ ጋራዥ ውስጥ 22 ዓመት ሆኖኛል። 19ኙን ዓመት እጄ ከዘይት ወጥቶ አያውቅም። ያለፉትን 3 ዓመታት ግን ግማሽ ቀኔን ላፕቶፕ ላይ ነው የማሳልፈው። ቶዮታ እወዳለሁ፤ የበላሁት እንጀራ የሱ ነው። ኤሌክትሪክ መኪናም እወዳለሁ። የምጠላው በሁለቱም ወገን ያለ ሂሳብ የሚወራውን ነው።

ከነዳጁ እንጀምር። «በ3 ዓመት ትመልሰዋለህ» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከራይድ ሹፌሮች ነው የመጣው። እነሱ ጋ ትክክል ነው። አንተ ጋ ሲደርስ ግን አይሠራም።

ቤንዚኑን ሊትሩን በ125 ብር ላስበው፤ አንተ ዛሬ በምትቀዳበት ዋጋ ተካው። ቪትዝህ በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ይጠጣል እንበል። በቀን 45 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን ብትነዳ 13,500 ኪሎ ሜትር ነው። 1,080 ሊትር። 135,000 ብር። ሲጋል ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል እንበል። መብራቱን በጣም አስወድደን ኪሎዋት ሰዓቱን 10 ብር ብናደርገው እንኳ ዓመቱን ሙሉ 20,000 ብር ገደማ ነው። የምታተርፈው 115,000 ብር። ዘይትና ፊልትሮ፣ ካንዴላና የመሳሰለውን ስትጨምር 130,000 ብር በለው።

አሁን የሚጎድልህን እይ። 1.2 ሚሊዮን ብር። ለ130,000 አካፍለው። ከ9 ዓመት በላይ ይወስዳል። እሱም የራስህ ገንዘብ ከሆነ ነው። ከባንክ ነው ያልከው። ወለዱን በ18 በመቶ ብናስብ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ከ200,000 ብር ይበልጣል። በነዳጅ ካተረፍከው በላይ ለባንኩ ከፈልክ ማለት ነው። በየማደያው መሰለፍ ይቀርልሃል፤ እሱስ እውነት ነው። ሰልፍም ጊዜ ነው፣ ጊዜም ገንዘብ ነው። ቢሆንም ሂሳቡን አይገለብጠውም።

በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ የራይድ ሹፌር ግን በዓመት 45,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በዚያው ስሌት በዓመት 380,000 ብር ገደማ ያተርፋል። በ3 ዓመት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ልዩነቱን ይመልሳል። ጓደኞችህ የሰሙት ይህንን ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ለሚነዳ ሰው ነው የሚያዋጣው። ቆሞ ለሚውል መኪና ነዳጅ መቆጠብ ምን ያደርጋል?

«ኤሌክትሪክ ዋጋው አይወርድም» ወደሚለው እንሂድ። ይህ ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ እንድጽፍበት ያስገድደኛል። የመኪና ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

ሲጋል በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2023 ቻይና ውስጥ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 73,800 ዩዋን ነበር። በመጋቢት 2024 በአዲስ መልክ ሲያወጡት 69,800 አደረጉት። በግንቦት 2025 ደግሞ በቅናሽ 55,800 ዩዋን ድረስ አወረዱት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሩብ ያህል ረከሰ ማለት ነው። ቻይና ውስጥ የመኪና ፋብሪካዎች በዋጋ ጦርነት ላይ ናቸው። በየስድስት ወሩ ሰፋ ያለ ስክሪን፣ ተጨማሪ ካሜራ፣ አዲስ ቀለም ይመጣል። የትናንቱ ወዲያው አሮጌ ይሆናል።

ታዲያ እዚህ ለምን አልረከሰም? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያም ወዲህ አልቆመም። መኪናው በዶላር ሲወርድ ብሩ ከሱ ባሰ ፍጥነት ወረደ። በ2016 ሲጋል ገዝቶ ዛሬ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው መኪናው ዋጋ ጠብቆለት አይደለም። በዶላር ቢያስበው ከስሯል። ጠረጴዛና ፍሪጅ ገዝቶ ቢያስቀምጥም ያው በብር ያተርፍ ነበር።

የቪትዝህም ነገር እንደዚሁ ነው። 20 ዓመት ያለፈው መኪና 1.5 ሚሊዮን ብር የሚጠራው ጥሩ መኪና ስለሆነ ብቻ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2014 ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ ተነሳ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ ቀረ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በስተቀር መኪና ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ውስጥ ያለው ቪትዝ ያው ያለው ነው፤ በግጭት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ለቪትዝ ከሚከፈለው ብር ከፊሉ ለተዘጋው በር ነው።

ይህን የምልህ ለምንድን ነው? ሁለቱም ዋጋዎች በመመሪያ ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ነው። ነገ የቀረጥ ሕጉ ቢነካካ የአንዱ ዋጋ ይወጣል፣ የሌላው ይወርዳል። የትኛው እንደሚሆን ደላላ አያውቅም፤ እኔም አልነግርህም። ቻይናም በበኩሏ ከጥር 2026 በፈረንጆቹ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነ መኪና ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል ብላለች። ከየመንገዱ ሰብስበው በኮንቴነር የሚያስገቡ አስመጪዎችን የሚያጣብቅ ነገር ነው። ስለዚህ መኪናን እንደ ቦታ ይዞ ለማትረፍ አትግዛ። ለመንዳት ግዛ።

ስለ መንዳት ካነሳን የቶዮታ ወገኖች የማይወዱትን ልናገር።

የቪትዝህ ሞተር ወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት አለው። የሲጋል 75 ነው። እኩል ይመስላሉ። ግን 70ው የተለካው ባሕር ጠረፍ ላይ ባለ አየር ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳስቷል፤ ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ቤንዚን ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ጥሎ ነው የሚነሳው። ቪትዝህ አያት ዳገት ላይ 55 ፈረስ ቢኖረው ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። 75ቱ ሆለታም ላይ፣ እንጦጦም ላይ 75 ነው።

ሌላም አለ። የቪትዝ ሞተር ከፍተኛውን የማሽከርከር ኃይል (ቶርክ) የሚሰጥህ 4,000 ዙር አካባቢ ሲጮህ ነው፤ እሱም 95 ኒውተን ሜትር። ሲጋል ደግሞ እግርህ ፔዳሉን እንደነካ 135 ይሰጥሃል። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት መብራት ሲበራ የምታየው ይህንን ነው። ትንሿ ቻይና ቀድማ ትወጣለች፣ ባለ ሁለት ሊትሩ ወንድማችን ከኋላ ያጓራል። «ቻይና ነው» ብሎ መናቅ እዚህ ላይ አይሠራም። ይህች ከተማ ለኤሌክትሪክ መኪና የተፈጠረች ነው የምትመስለው። ዳገቷ አያስፈራውም፣ መጨናነቋ ነዳጅ አያስበላውም፣ አየሯም ባትሪ አያበስልም አያቀዘቅዝም። ሰመራ ብትሆን ሌላ ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ ወደ ደብረ ማርቆስ እንውጣ። መንገዱ ሰላም የሆነ እንደሆነ ማለቴ ነው።

ሲጋል በሁለት ባትሪ ይመጣል። አንዱ 30 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሌላው 38.88። ሻጩ «405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚልህ ትልቁን ነው። ትንሹን ደግሞ 305 ይለዋል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ግን የቻይና መለኪያ ነው። በአብዛኛው በዝግታ፣ በሜዳ ላይ። አውራ ጎዳና ላይ 90 ስትይዝ ትልቁን 280 ቢሄድልህ ደስ ይበልህ። ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው። መሃል ላይ ደግሞ አባይ አለ።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ስትወርድ 1,400 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። ይህ የኤሌክትሪክ መኪና ሠርግ ነው። ሞተሩ ወደ ዲናሞ ይቀየርና ባትሪውን ይሞላል። ፍሬንህ አይግልም፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ የለም። የአባይን ቁልቁለት በአሮጌ መኪና የወረደ ሰው ያ ሽታ ይገባዋል። ታች ስትደርስ ከላይ ከነበረህ 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሰዓት ጨምረህ ታገኘዋለህ። ሹፌሩ ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቹ የሚልከው ይህንን ነው።

የማይልከውን እኔ ላስላልህ። መኪናው ከነሰዎቹ አንድ ቶን ተኩል ይመዝናል። እሱን ከድልድዩ ደጀን ድረስ 1,300 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 5.3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የሚባክነውንና መንገዱን ለመግፋት የሚወስደውን ስትጨምርበት ከ8 ያልፋል። 20 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ ከትልቁ ባትሪ አንድ አምስተኛው አለቀ ማለት ነው። ሜዳ ላይ ብትሆን ያው መንገድ ከ3 አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ከአዲስ አበባ ብትወጣ ደጀንን አልፈህ ቁጥሩ ቀይ ሲሆን፣ ልጆቹ «ደረስን?» ሲሉ፣ አንተ ማቀዝቀዣ አጥፍተህ 50 ላይ ስትነዳ ይታየኛል። መንገድ ላይ ሆቴል ጄኔሬተር ጠይቀህ በተራ ሶኬት ብትሰካ በሰዓት የምታገኘው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊቱን ልታድር ነው።

አዳማ ለሚመላለስ ሰው ግን ችግር የለም። ሲወርድ የሚጠቀመው ትንሽ ነው፤ ሲመለስ 700 ሜትር ስለሚወጣ ይበልጣል። ቁጥሩን ሲሄድ አይቶ «መመለሻውም እንደዚሁ ነው» ካላለ ሰላም ይመጣል። በነገራችን ላይ እንጦጦ አናት ላይ የምትኖሩ ሰዎች ባትሪውን ማታ 100 በመቶ አትሙሉት። ጠዋት ስትወርዱ ሙሉ ባትሪ ምንም አይቀበልም፤ ቁልቁለቱ በከንቱ ያልፋችኋል።

አሁን ከሁሉ የባሰው ጥያቄ፦ የት ልትሰካው ነው? 4ኛ ፎቅ ነህ። መኪናው ታች ነው።

እባክህን በመስኮት ገመድ አታውርድ። አውቃለሁ፣ ጎረቤት ያወርዳል። አንድ ጠዋት የመጣልኝን ላሳይህ። ተራ ኤክስቴንሽን፣ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ፣ ግማሹ እንደተጠቀለለ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሯል። መሰኪያው ቡናማ ሆኖ ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቋል። ባለቤቱ የጠየቀኝ «ቻርጀሩ ይተካል?» ብሎ ነው። ቤቱ አለመቃጠሉን አላመሰገነም። የሞባይል ቻርጀር ለአንድ ሰዓት ነው። የመኪና ቻርጀር ግን ለ8 ለ10 ሰዓት ሳያርፍ ይጎትታል። የልብስ ካውያ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ሲያድር አስበው። ለ10 አምፒየር ከቆጣሪ ቀጥታ የመጣ 2.5 ካሬ፣ ለ16 አምፒየር 4 ካሬ፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው የ32 አምፒየር ቻርጀር 6 ካሬ ሽቦ ከነራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። መንገዱ ከረዘመ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል።

ከዚያ ኧርዝ አለ፤ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ለጌጥ ነው። ቻርጀሩ ይህን ስለሚያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ያኔ ነው «ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን» የሚጠራው። ኧርዙን ከኑል (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን ያታልለዋል። አረንጓዴ ይበራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ኑሉ አንድ ቀን የተበጠሰ እንደሆነ ግን የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ልጅህ በሩን ሊከፍት እጁን ይዘረጋል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለኮንዶሚኒየም የሚያዋጣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከማኅበሩ ኮሚቴ ጋር ተስማምቶ ፓርኪንጉ ጋ በስምህ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ቻርጅ ማድረግ ነው። በቀን 45 ኪሎ ሜትር የምትነዳ ሰው 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚበቃህ፤ በተራ የ10 አምፒየር ሶኬት 3 ሰዓት ተኩል። ቀኑን ሙሉ ለሚቆም መኪና ቀላል ነው። አለቃህን ጠይቅ። ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያዎችም አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በቦሌ መገናኛ መስመር ከፍቷል፣ በቴሌብር ትከፍላለህ። ብቻ ሲጋል በፈጣኑ ቢሰካም የሚቀበለው 40 ኪሎዋት ድረስ ነው፤ ትንሹ ባትሪ ደግሞ 30። ማሽኑ 120 ቢል አንተን አይመለከትህም። ከ30 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብሃል። በሱ ብቻ ልኑር ካልክ የነዳጁን ሰልፍ በሌላ ሰልፍ ለወጥከው።

የቶዮታ ወገኖች ትክክል የሆኑበት ደግሞ ጥገናው ላይ ነው። ባትሪው ግን አይደለም የሚያስፈራው። የሲጋል ባትሪ ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚሉት ዓይነት ነው። ጽኑ ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ 100 በመቶ ቢሞላም አይቀየምም። እንዲያውም በሳምንት አንዴ ሙሉ ቢሞላ ቁጥሩን በትክክል ይቆጥርልሃል። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው።

አንድ መኪና በክሬን ተጭኖ መጣ። ሲጋል አይደለም፣ ከፍ ያለ ሞዴል ነው። ባለቤቷ ለሦስት ሳምንት ውጭ አገር ሄዳ ስትመለስ መኪናው ሞቷል። በሩ አይከፈትም፣ ስክሪኑ አይበራም። ከኔ በፊት ያዩት ሰዎች «ዋናው ባትሪ ነው፣ መቀየር አለበት» ብለዋታል። የነገሯት ገንዘብ ሌላ መኪና ይገዛል። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማልቲሜትር ይዤ ኮፈኑን በሜካኒካል ቁልፉ በኩል ገብቼ ከፈትኩት። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ 9.6 ታሳያለች። ቪትዝህ ውስጥ ያለችው ዓይነት ተራ ባትሪ። ኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ኮምፒዩተሩን የሚቀሰቅሰው በዚች ነው። እሷ ከሞተች መኪናው ሬሳ ነው። ቻርጅ አድርጌ፣ ቆይቶ አለመያዟን አይቼ ቀየርኳት። ከሰዓት በኋላ እየነዳች ሄደች። ዋናው ባትሪ 71 በመቶ ላይ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቪትዝ ቢቆም ባሕር ዳርም፣ ነቀምትም፣ አንድ ዛፍ ሥር የተቀመጠ መካኒክ ኮፈን ከፍቶ ያስነሳልሃል። ዕቃው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ አዲሱም፣ ያገለገለውም፣ «ኦርጅናል ነው» የሚባለውም። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን በአግባቡ የሠለጠነ ሰው ገና ጥቂት ነው። የግራ የፊት መብራት ተሰብሮ ሁለት ወር ከቻይና የሚጠብቅ ደንበኛ አለኝ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ሞዴል ከሆነ ደግሞ ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፣ የስልክ መተግበሪያው የቻይና ቁጥር ይጠይቃል፣ የፋብሪካው ዋስትናም ከአገሩ ከወጣ አብሮት አይወጣም። መሰኪያው ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ስታንዳርድ ነው፤ እዚህ የሚበዛው እሱ ስለሆነ አይቸግርም። ዱባይ ዞሮ የመጣ የአውሮፓ ስታንዳርድ ግን መሰኪያው ሌላ ነው፤ ከመግዛትህ በፊት እይ። ስኮርታ ጎማም ብዙዎቹ የላቸውም። ጎሚስታ የሌለበት ቦታ ጎማ ከተቀደደ ክሬን ነው።

እንግዲህ አንተን ብሆን? አሁን አልሸጥም። መቀመጫው አይበቃህም፣ ብድሩ ያተረፍከውን ይበላዋል፣ መሰኪያ ቦታ የለህም፣ ደብረ ማርቆስ አያደርስህም። ከአራቱ ሦስቱ ቢፈቱ እንኳ የመጀመሪያው አይፈታም። ቪትዝህን የካምቢዮ ዘይቱን ቀይርለት፣ ሬዲያተሩን አሳጥብ፣ የሞተር ጎማዎቹን አሳይ። ያ ሞተር ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ነው ያለው፤ ዘይቱን በሰዓቱ ካገኘ ብዙ አይጠይቅህም። ብድሩን ሳትወስድ በየወሩ የምትከፍለውን ያህል ብታስቀምጥ በሁለት ዓመት የተሻለ እጅ ይዘህ ገበያ ትወጣለህ።

ያኔም አምስት ሰው የሚይዝ ፈልግ። ከቢዋይዲ ከሆነ ዶልፊን አለ፤ 44.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ዓይነት አለው። ሚኒባሱን ዶልፊን አላልኩም፤ ደላላው ሲሰማ እንዳይስቅብህ። ያገለገለ ካገኘህ ደግሞ ሻጩን ስለ ስክሪኑ ስፋት አትጠይቀው። ኮምፒዩተር ሰክተህ የባትሪውን ጤና አንብብ፤ የእያንዳንዱ ሴል ቮልት ተቀራራቢ መሆኑን እይ። ከዚያ ሊፍት ላይ አስወጥተህ ከሥሩ ግባ። ባትሪው ሆዱ ሥር ነው ያለው። የመንገድ ብሬከርና ጉድጓድ የላጠው፣ የጎበጠ ወይም በማስቲሽ የተደፈነ ቦታ ካየህ ዋጋ መከራከር አቁምና ሂድ። ከላይ ላቫጆ አሳምሮታል፤ ከሥር ግን ማንም አያጥብም።

ኮሚቴው ንዑስ ቆጣሪ ከፈቀደልህ ሽቦ ሳትገዛ በፊት የቆጣሪ ሰሌዳውን ክዳን ተከፍቶ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ላክልኝ። የዋናውን ብሬከር አምፒየርና የኧርዙን ሽቦ የሚያሳይ ይሁን። ያን ካየሁ ስንት ካሬ እንደሚያስፈልግህ እነግርሃለሁ።